በቲማቲም ሰበብ ዙሌካን በደልኳት

ልጄ እየሩስ፣ የሄድሽበት አገር ሰው እንደ እናት ይሁንልሽ፤ እመቤቴ ከጥላዋ አታውጣሽ። እኛ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቷል፤ አባትሽን ግን ጉልበቱን ተሽሎታል።

እኔ አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። በስተርጅና ቲማቲም ላብቅል ብዬ ዘሩን በጣሳ ዘርቼ ጥላ ውስጥ አሳደግሁት። ከደስታዬ ብዛት ያን ለጋ ችግኝ በቀትር አውጥቼ መሬት ላይ ተከልሁት። በማግስቱ ሁሉም ደርቆ አገኘሁት። ጎረቤታችንን ዙሌካን፣ አንቺን አዝላ ያሳደገችሽን፣ ሰው እየሰማ «ዓይንሽ ነው ያደረቀብኝ!» አልኳት። ዞር ብላ ቤቷ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ከራሷ የአትክልት መደብ ስምንት ችግኝ ነቅላ መጣች። «ወላሂ ዓይኔ አይደለም፣ እህቴ። ጥላ የለመደ ችግኝ ፀሐይን ቀስ በቀስ ይለማመዳል፤ የሚተከለውም ፀሐይ ሲበርድ ነው» አለችኝና ጎንበስ ብላ ተከለችልኝ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሄደች።

ችግኙ አሁን አብቧል፤ እኔ ግን በደጇ ማለፍ አፍራለሁ። እሑድ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። አንቺም ስትደውዪ፣ እባክሽ፣ ከእኔ አስቀድመሽ እሷን ሰላም በያት።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ፣ እንደ እናትሽም ካለ ምላስ ይጠብቅሽ።

እናትሽ ወለተ ማርያም