ቁልፉን እንዳትረሺ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን
ከሐይቁ ቤት

ለሩቁ ልጄ፣

ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትህ አውራ ጣቱን በመዶሻ ከመምታቱ በቀር። እሱንም "የተጎዳው መዶሻው ነው" ብሏል። አንተስ? መርከቡ ላይ ብርድ ነው ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ሹራቡ ደረሰህ ወይ? እጅጌው ከረዘመብህ እጠፈው እንጂ እንዳትቆርጠው።

ከላይ እንዳየኸው የምጽፍልህ ከሐይቁ ቤት ነው። አዎ፣ እዚያው ቤት። አንተ በሩን ወርውረህብን ከወጣህ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ዝር አላለበትም። አባትህ በእጁ የሠራው ቤት ሆኖ እንኳ ነገሩን ማንሳት አይወድም ነበር። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ራት ላይ ድንገት፣ "ጣራው ሳያፈስ አልቀረም፤ ሄደን እናድሰው" አለ። እህትህ የጎረሰችውን ሳትውጥ፣ "የምነዳው እኔ ከሆንኩ፤ ደግሞ እስከ ምሳ ሥራ፣ ከምሳ በኋላ ሐይቅ ከሆነ" ብላ ተዋዋለችው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። "እሺ" አላት። ነገሩ የከነከነኝ ያኔ ነው። አባትህ ያለ ክርክር እሺ ብሎ ያውቃል?

መቼም ታውቀኛለህ፣ ያልገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። የጎረቤታችንን ፒካፕ ተውሰን ዕቃ ሲጭን ቆሜ ሳይ ነበር። የጣራ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለም፤ ይሁን። ከሥር ግን በሸራ የተጠቀለለ፣ ተልጎ ያለቀለት ጣውላ አለ።

"ይሄ ለጣራ ነው?" አልኩት።

"ጣውላ ነው።"

"ጣውላ መሆኑንማ አያለሁ።"

"ካየሽ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የመነሻችን ዋዜማ ደግሞ ከወርክሾፑ ስልክ ደወለና፣ "ቁልፉን እንዳትረሺ" ብሎ ዘጋው። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የደንበኛ ካፖርት እጨርሳለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ ልብስ ሰፊ ሴት ቁልፍ ሲሏት ምን ይታያታል? የሥራ ጃኬቱ ሁለት ቁልፍ ከረገፈ ሰንብቷል። እንኳን አስታወሰኝ ብዬ የቁልፍ ጣሳዬን ከነመርፌና ክሩ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ስንወጣ አባትህ "ቧንቧ መዝጋቴን ልይ" ብሎ ወደ ቤት ተመለሰና መኪና ውስጥ አስጠበቀን። ይቺን ልብ በላት፣ እመለስባታለሁ።

የአምስት ሰዓት መንገድ ሦስታችን ፊት ወንበር ላይ ተጣበቅን። እህትህ ትነዳለች፣ አባትህ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይጫናል። ከባድ መኪና ባየ ቁጥር "ቀስ" ይላታል። አንዴማ "አባዬ፣ ቆሜያለሁ እኮ" አለችው። እውነትም ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን ነበር። በመጨረሻ ከኮረብታው ወዲያ ሐይቁ ብቅ አለ። እዚያች ቦታ ስንደርስ "እኔ ቀድሜ አየሁት" የምትለው አንተ ነበርክ። ዘንድሮ ማንም ቀድሜ አየሁ አላለም።

ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አባትህ በሩ ፊት ሄዶ ቆመ። አንተ ስትወረውረው የተሰነጠቀው መቃን እንደተሰነጠቀ ነው። መርከበኛ እሆናለሁ እንጂ መጋዝ አልይዝም ባልከው ቀን፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ በዚህ በር አትገባም" ያለህ እዚያው ቆሞ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባትህ ደግሞ ቃሉን ከሚያጥፍ መዶሻውን ቢውጥ ይቀለዋል። ስንት ቀን ለምኜዋለሁ፤ "ብያለሁ፣ ብያለሁ" ነው መልሱ።

እጁን ዘረጋና "ቁልፉን አምጪ" አለኝ። ጣሳውን ሰጠሁት። ከፈተው። ነጩን፣ ቡናማውን፣ ባለ አራት ቀዳዳውን እያገላበጠ አየ። እህትህ ሣሩ ላይ ተዘርፍጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የአምስት ሰዓት መንገድ ተመለሱ ሊለን ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጣሳውን ከደነና መለሰልኝ።

"ልብስ ሰፊ ያገባ ሰው በሩንም እንደ ሸሚዝ ይፈታል" አለና መሮውን አውጥቶ መቃኑን ይነቅል ጀመር። ኧረ ቁልፍ ሠሪ እንፈልግ ብንለው፣ "በሩ አርጅቷል" አለን። ተቆጥቶም አልነበረም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ ከነከነኝ።

ጣራውን በአንድ ጠዋት ጨረሰው። በማግስቱ ከመንደሩ ግንበኛ ጠራና በሐይቁ በኩል ያለውን የሳሎን መስኮት ወደ ታች እስከ መሬት አስፈረሰው። ያ የተላገ ጣውላ ለካ በር ኖሯል። ሲገጣጥመው ከመስኮቱ ስፋት ጋር ልክክ አለ። የድሮውን በር ቦታ ደግሞ በብሎኬት ደፈኑት። ለምን ብዬ ብጠይቀው ጠዋት "ነፋስ ነው" አለኝ። ምሳ ላይ "ብርሃን ነው" አለኝ። ከሰዓት "አሸዋ ነው" አለኝ፤ አሸዋውማ የሚገባው በአዲሱ በር ነው።

ከምሳ በኋላ ግን ውል ውል ነው። እህትህ ትዋኛለች፣ እኔ እግሬን ውሃ ነክሬ እቀመጣለሁ፣ አባትህ ሱሪውን ጠቅልሎ ዓሣ ያጠምዳል። አንድም አልያዘም። "ያውቁኛል" ይላል። ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ።

ትናንት እሱ እያጠመደ፣ እኔ ያችን ጃኬት አንስቼ ቁልፎቹን ልሰፋለት ተቀመጥኩ። የውስጥ ኪሱ ከበደኝ። እጄን ብሰድ የድሮው በር ቁልፍ ነው፤ ያ ትልቁ፣ ልጅ ሆነህ ቀይ ቀለም የቀባኸው። ለካ ቧንቧ ልይ ብሎ ሲመለስ፣ ቤት ግድግዳው ላይ ከሚንጠለጠልበት ምስማር አንስቶት ኖሯል። በሩ ፊት ቆሞ "ቁልፉን አምጪ" ሲለኝ ኪሱ ውስጥ ነበር። እንደረሳሁ አውቆ ነው፤ በእኔ አመካኝቶ በሩን ሊነቅል። ልጄ፣ አለቀስኩ። ቁልፉን ወደ ኪሱ መለስኩ፣ የጃኬቱንም ቁልፎች አጥብቄ ሰፋኋቸው። እስካሁን ለእሱ ትንፍሽ አላልኩም። ዝም አይነቅዝም።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ በር ተገጠመ። ቁልፎቹን ከካርቶኑ አወጣ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእህትህ፣ አንድ ለራሱ። አንድ ተረፈ።

"ይሄስ የማን ነው?" አልኩት።

"መለዋወጫ ነው።" ጀርባውን ሰጥቶኝ ማጠፊያውን ዘይት መቀባት ጀመረ። "ለዚያ ለመርከበኛ ስትጽፊ" አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንተን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። "ያኛው በር ተደፍኗል በይው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

ይኸው፣ ምንም አልጨመርኩም።

ቃሉን ማጠፍ ቢያቅተው ግድግዳ አፈረሰ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሌላ መንገድ አያውቅም። አንተም የእሱ ልጅ ነህና መግደርደርህ አይቀርም፤ ግን ብዙ እንዳታስጠብቀው። እኛ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ነን። ቀለም ይቀራል ይላል፤ እኔ ግን የሚቀረውን ቀለም አላየሁትም።

ባሕሩን ያርጋልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። በወጣህበት በር ባይሆንም በሰላም ያግባህ።

ነገር የማያልፋት እናትህ

ሳልረሳው፦ ፖስታው ውስጥ ያለው ቁልፍ የበር ነው። የሸሚዙን ስትመጣ እሰፋልሃለሁ።