የዘይነባ ብየዳ

ማክሰኞ

ዛሬም የተመሰገነችው ዘይነባ ናት። ቲቸር የበየደችውን ላሜራ ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና "እጅ ማለት ይሄ ነው" አለ። እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት። የኔን ደግሞ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

ያለው አንድ የሥራ ቦታ ነው። የውሃ ታንከር የሚሠሩት ጋሽ ተሾመ ቅዳሜ ኮሌጅ መጥተው ከእኔና ከእሷ አንዳችንን ይመርጣሉ። የተመረጠችው ስትመረቅ እዚያው ትቀጠራለች። የቀረችው ሰርተፍኬቷን ታቅፋ ቤቷ ትቀመጣለች። እኔ መቀመጥ አልችልም፤ እማዬ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ነው ያስተማረችኝ።

የዘይነባ አባት ሽንኩርት አምራች ናቸው። የመስኖ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጠም እያየች አደገች። እኔስ ምን እያየሁ አደግሁ? አንሶላ።

ደግሞ ረመዳን ነው። በዚህ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ውሃ ሳትቀምስ እጇ ይንቀጠቀጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ እንዲህ መመኘት ጾም ሳያፈርስ አይቀርም። እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

ረቡዕ

አልሄድኩም። ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ያነባል። ይህን የምጽፈው አንዱን ጨፍኜ ነው።

ትናንት እጇን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ ልሰርቅ ከኋላዋ ቆሜ ያለ ማስክ አየሁ። ማስክ ባደርግ ከእሷ ልማር መምጣቴ ይታወቅብኛል ብዬ። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፣ ያለ ማስክ አይታይም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት እኮ ነው! ለእማዬ አቧራ ገባብኝ አልኳት።

ሐሙስ

ጠዋት ጤና ጣቢያ ጠብታ ሰጡኝ። ከሰዓት ዘይነባ ቤት መጣች። ዓይኔን እንዳየች ገባት። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ትግስት፣ ማየት ከፈለግሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች።

ጠብታውን ጨመረችልኝ። እማዬ እዚሁ አፍጥሪ ብላ ለመነቻት፣ አባቴ ይጠብቁኛል ብላ ሄደች። ደግነቷም ያስቀናል። እማዬ ደግሞ "እንዴት ያለች ልጅ ናት" እያለች አመሸች።

ዓርብ

ዓይኔ ተሻለው። ማስኬን አድርጌ አጠገቧ ቆምኩ። ለካ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ትንፋሿንም አትይዝም፤ እኔ እስኪያልቅ ድረስ እይዘዋለሁ። በቃ ይኸው ነው። ሁለቴ ሞክሬ አበላሸሁ፣ ሦስተኛው አማረልኝ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ።

ቅዳሜ

የየራሳችንን የላሜራ ሣጥን በየድን። ጋሽ ተሾመ ሣጥኖቹን ውሃ ሞሉና ቆመን ጠበቅን። የእሷ እንዲያፈስ እየጸለይኩ ነበር፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽም። አላፈሰሰም። የኔም አላፈሰሰም።

ሰውዬው የኔን ሣጥን መጋጠሚያ በጣታቸው ዳበሱ።

"አስተማሪሽ ቀድሞ የሠራሽውን አሳይቶኛል፣ ይሄ ሌላ ነው። ማን አሳየሽ?"

ቲቸር አጠገባችን ቆሟል። እሱ ነው ብል ደስ ይለው ነበር፣ ጉዳዩም እዚያው ያልቅ ነበር።

"ዘይነባ ናት" አልኩ።

ወደ እሷ ዞሩ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት፣ ሌላ ሰው አስተምራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። እኔን ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ሰኞ አሳውቃችኋለሁ ብለው ሄዱ።

ቦታዬን በገዛ አፌ የሰጠኋት ይመስለኛል። ለእማዬ አልነገርኳትም። ዛሬ ዘይነባን አልጠላኋትም። ሰኞ እሷን ከጠሯት ግን እንጃ።