በሐጋ የተቆጠሩ ቤቶች

ውድ ልጄ ሂባቅ፣

ሞትሽን የሰማሁት በቀትር ነው። ጉሌድ ከውጭ ስሜን ሲጠራ፣ በሩን ገና ሳልከፍት ክፉ ነገር እንደመጣ አወቅሁ። ጉሌድ በዚያ ሰዓት ለጀልባዎቹ በረዶ የሚሠራበትን በረዶ ቤቱን ትቶ የትም አይሄድም፤ እንደዚያ ያስለመድሽው አንቺ ነሽ። በሩን ስከፍት ጫማውን በእጁ ይዟል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ሮዳ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

«ቆሜ ንገረኝ።»

«ተቀመጪ እልሻለሁ!»

«ጉሌድ፣ ባትሪው ነው ወይስ ልጄ?»

ያ ገበያውን ሁሉ በምላሱ የሚያስለቅስ ሽማግሌ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር አሉኝ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነው። ለከተማው መብራት ከወደቡ ያመጣሽውን ባትሪ የጫነው ትልቁ መኪና ደረቁ ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ «ቁም፤ መጀመሪያ እኔ ልሻገርና መሬቱን ልየው» ብለሽ በትንሿ መኪና ብቻሽን ገባሽ። ደራሹ ጎርፍ መጥቶ ወሰደሽ። ትልቁ መኪና ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። ባትሪውን አንዲት ጠብታ ውሃ አልነካችውም።

ይህን ለመጻፍ እስክደፍር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ ነው፤ ከከተማ የመጡ ተማሪዎች ግራር ሥር ሰብስበው አስተማሩን። ከዚያ ወዲህ ከስም በቀር የጻፍኩት የለም። አንድ መስመር ጽፌ እጄን አሳርፋለሁ። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የከተማችን የቢዮ ጉዱድ ሰው ስምሽን ባነሳ ቁጥር «አላህ ይዘንላት፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ያን ስህተት ባትሠራ ኖሮ» ይላል። ስህተትሽን ልታርሚ ሄደሽ ሞትሽ ይላሉ። ስህተቱ የማን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ አንቺም ሳታውቂው ሄድሽ።

ያን ሐጋ አስታውሺ። ሙቀቱ ገብቶ ያ የሚያቃጥል ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲነሣ እኛ እንደ ልማዳችን ቤታችንን ቆልፈን ወደ ሼክ ተራራ ወጣን። አንቺ ግን ቀረሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ አንድም ሐጋ በራስሽ ከተማ አሳልፈሽ አታውቂም፤ እኔው ነኝ በየዓመቱ አዝዬሽም፣ ጎትቼሽም ያወጣሁሽ። ያን ጊዜ ግን መሐንዲስ ሆነሽ፣ ለከተማው የፀሐይ መብራት ልትሠሪ ተመልሰሽ ነበር። በተማርሽበት አገር ሰው መብራት አብዝቶ የሚፈልገው በሙቀት ወር ነው፤ ስለዚህ የከተማችንንም ፍጆታ በሐጋ ልለካ አልሽ። የጉሌድን ጀነሬተር ቆጣሪ ስታነቢ ቁጥሩ ትንሽ ሆነብሽ። ቤቶቹን ብታዪ ሁሉም ዝግ ነው። በነፋሱ ወራት የቀረውም ሰው በርና መስኮቱን ጠርቅሞ ጓሮ ስለሚውል፣ የሄደውን ከቀረው ከውጭ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ደወልሽልኝ።

«ሁዮ፣ ከተማው ጭር ብሏል። ለሐጋ የሚወጣው ስንት ቤት ነው?»

«ሁዮ፣ ምን በልተሻል?» አልኩሽ። እናትና ልጅ በዚያው በአንዱ ቃል ነበር የምንጠራራው።

«ስለ ቤት ነው የጠየቅሁሽ።»

«እኔም ስለ ሆድሽ ነው የጠየቅሁሽ። ያ ነፋስ ፊትሽን አክስሎታል አይደል? አሁን ማን ያገባሻል?»

«ፀሐይን አገባለሁ፤ በየቀኑ ሳይቀር የሚመጣ እሱ ብቻ ነው። ስንት ቤት ነው ሁዮ? ከግማሽ ይበልጣል?»

«ኧረ ጥቂት ነው! እኛ፣ የኢማሙ ቤት፣ ሌላም ሁለት ሦስት። በይ ቶሎ ጨርሰሽ ነይ።»

ጥቂት አልነበረም። ከሦስት ቤት ሁለቱ ተቆልፎ ነበር። ያን ስነግርሽ እኔ ሼክ ገበያ ውስጥ በቢዮ ጉዱድ ሰው እየተገፋሁ ቆሜ ነበር። መዋሸት መስሎ አልታየኝም። እውነቱን ብነግርሽ ሁሉም እስኪመለስ ልትጠብቂ፣ ሦስት ወር እዚያ እሳት ውስጥ ልትቀመጪ ነው ብዬ ፈራሁ። ካጠገቤ እንድትሆኚ ፈለግሁ። አንቺም የእናትሽን ቃል መዝገብሽ ላይ አሰፈርሽ፤ ያ ትንሽ ቁጥር የከተማው ሁሉ ፍጆታ ተብሎ ባትሪውም በዚያ ልክ ተገዛ።

ሐጋው ሳያልቅ ሲሠራ፣ ከሰው ቀድሜ ከተራራው ወርጄ አብሬሽ ነበርኩ። የጉሌድን ጠብ መቼም አልረሳውም። ጀነሬተሩም፣ የከተማው ሽቦም፣ በረዶ ቤቱም የእሱ ነበር።

«ሽቦው የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ፀሐይሽ መምጣት ከፈለገች በራሷ ሽቦ ትምጣ!»

«አደር ጉሌድ» አልሽው አጎትሽ ይመስል፤ «ፀሐይዋ እንግዳ ናት። እንግዳ ከደጅ ይመለሳል እንዴ?»

«እንግዳ ሦስት ቀን ነው። ይቺ ልትከርም ነው የመጣችው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺ ግን አልሳቅሽም። በየማለዳው ሄደሽ አጠገቡ እየተቀመጥሽ ሻዩን እየጠጣሽ ስትከራከሪው ሰነበትሽ። በመጨረሻ ሽቦውን ከፈተልሽ። «ልጄ አይደለችም፤ ልጄ ብትሆን ኖሮ ከቤት አባርሬ እገላገል ነበር» ይል ነበር ለሰው።

ብርሃኑ ሊበራ ሲል ባትሪው ወዳለበት ነጭ ኮንቴይነር ወስደሽ አስገባሽኝ። ውጭው ምጣድ ነበር፤ ውስጡ እንደ ሼክ ንጋት ይቀዘቅዛል። ግራና ቀኝ እንደ መጻሕፍት የተደረደሩ ሣጥኖች። ጭስ የለም፣ የናፍጣ ሽታ የለም። መዳፌን አንዱ ላይ አሳረፍሽው። ለብ ብሎ ነበር፤ ገና የታለበ ወተት የያዘ ዕቃ መሰለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሞቀው?» አልኩሽ።

«የዛሬ ጠዋት ፀሐይ ነው ሁዮ። ማታ ቤትሽ ይመጣል።»

ሱብሐነላህ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያች ፀሐይ ስሸሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። በጥላ፣ በሻሽ፣ በተራራ ሸሽቻታለሁ። አንቺ ግን እንደ ግመል አስረሽ አቆምሻት። በዚያ ምሽት ጉሌድ ጀነሬተሩን ሲያጠፋው አምፖሎቹ ብልጭም አላሉ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ደጅ ወጣሁ። ባሕሩ ነበር። ከባሕሩ ሁለት መቶ እርምጃ ርቄ ሠላሳ ዓመት ስኖር፣ ማታ ማታ የሞተር ጩኸት ሸፍኖት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼም ወጥተው ቆመዋል።

ከዚያ ሰው ከተራራው ተመለሰ። የተቆለፈው ሁሉ ተከፈተ፤ የሠርጉ ወር ገባ። ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ከተማው ድርግም ይል ጀመር። ሙሽራ በጨለማ ገባች። ሴቶቹ በሠርግ ላይ ዘፈን አወጡልሽ፤ «የሮዳ ልጅ ፀሐይ አመጣች፣ እራቷን በልታ ተኛች» እያሉ አጨበጨቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ተነሥቼ «ዝም በሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሻሼን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

አንቺ ወለሉ ላይ መዝገቡን ዘርግተሽ ጣትሽን ቁጥሮቹ ላይ ታመላልሺ ነበር። «ቆጠራዬ ነው ሁዮ። የገዛ ከተማዬን አላወቅኋትም» አልሽኝ። ላሖሕ ጋግሬ አቀረብኩልሽ። ብዪ አልኩሽ። ይኼው ነው ያልኩሽ።

ግን ቁጭ ብለሽ አላለቀስሽም። በማግስቱ በረዶ ቤት ሄድሽ። ጉሌድ በረዶውን የሚሠራው፣ አባቱም ያደርግ እንደነበረው፣ ማታ ነበር፤ ጀልባዎቹ ንጋት ላይ ጭነው እንዲወጡ። የከተማውን ባትሪ ገና በጊዜ የሚጨርሰው ያ በረዶ መሆኑን አገኘሽ።

«አደር፣ ከነገ ጀምሮ በረዶውን በቀትር ሥራ።»

«በቀትር?! እንቁላል ድንጋይ ላይ በሚጠበስበት ሰዓት በረዶ?»

«በቀትር ፀሐይዋ ተርፋ ትፈሳለች፤ የሚቀበላት የለም። አንተ ተቀበላት። ማታ ክዳኑን ዘግተህ ተኛ። በረዶውም ባትሪ ነው።»

«ሮዳ፣ ልጅሽን ዱዓ አስደርጊላት፤ ነካ አድርጓታል!»

ሠራው ግን። በዚያ ቀትር ግማሹ ከተማ በረዶ ቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ነበር። ጉሌድ ሰው የሚያህል የበረዶ ግንድ ጎትቶ አወጣና አሸዋው ላይ አቆመው፤ ከላይ ፀሐይዋ ትነዳለች፣ ከሥር በረዶው ይጨሳል። ልጆች ምላሳቸውን ለጠፉበት። ኢማሙ በመዳፉ ነካ አድርጎ እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። ያቺው እሳት ይህን ቅዝቃዜ መውለዷን ዓይኔ እያየ ልቤ ማመን አቃተው። ከዚያ ወዲያ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት መቆየት ጀመረ። እስከ ንጋት ግን አልደረሰም። ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል ብለሽ ለቀጠረሽ ኩባንያ ጻፍሽ። «የኔ ስህተት ነው» ብለሽ በራስሽ እጅ ፈረምሽ። ባትሪው ወደቡ ሲደርስ ልታመጪው ሄድሽ።

ያን ሁለተኛውን ባትሪ ጠላሁት። ሰዎች መጥተው ሲተክሉት በሬን ዘጋሁ። በሐጋም ወደ ተራራው አልወጣሁም፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ እዚሁ ጓሮዬ ቀረሁ። ነፋሱ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ አንቺ በዚያ ዓመት የቻልሽው ምን እንደነበር አየሁት።

አሁን ሰው ሁሉ ተመልሷል፤ የሠርጉ ወር ነው፤ የከተማው ቤት ሁሉ ክፍት ነው። ባለፈው ዓርብ ከፈጅር ሰላት በኋላ እግሬ ወደ ኮንቴይነሩ ወሰደኝ። ጉሌድ ቀድሞኝ ቆሟል። በየማለዳው እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ባለች ትንሽ መስተዋት የሚበራውን የባትሪውን ቁጥር አሳየኝ፤ ሠላሳ አራት ይላል።

«ከመቶ ነው» አለኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ሠርግ ሠርጎ፣ ሐኪም ቤቱን አብርቶ፣ የትናንቱ ፀሐይ ገና አላለቀም።»

በስተምሥራቅ ወገግ ብሏል። የከተማው መብራት ሁሉ እንደበራ ነው። ፀሐይዋ ከባሕሩ ስትወጣ በእኛ መስኮቶች ራሷን አገኘች። አንድ ሰው፣ ያውም እኔ ያጠባሁት ሰው፣ ቀንን ከቀን እንደ ገመድ ሊቀጥል ይችላል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ጉሌድ ዓይኑን ጠረገ። «አላህ ይዘንላት» አለ፤ «ያን ስህተት ባትሠራ ኖሮ…»

«አልተሳሳተችም» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን፣ ገበያውን፣ «ጥቂት ነው» ያልኩትን። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ለእኔ ለአንድ ሽማግሌ ነግረሽ ምን ታተርፊያለሽ?» አለኝ በመጨረሻ። «እሷን የወቀሳት ከተማው ነው። ጻፊውና በረዶ ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። በዚያ በር የማያልፍ የለም።»

ስለዚህ ሁዮ፣ ይህ ደብዳቤ ያንቺ ነው፤ የሚያነቡት ግን እነሱ ናቸው። እዚሁ ላናግራቸው።

የቢዮ ጉዱድ ሰዎች ሆይ፣ ዓሣ ይዛችሁ፣ በረዶ ልትወስዱ በዚህ በር የቆማችሁ ሁሉ፤ ሂባቅ ኢስማዒል ከተማችሁን አልዘነጋችም። ጠየቀች። የተሳሳተውን መልስ የሰጠኋት እኔ እናቷ ነኝ፤ ይህንንም ሳልነግራት ሞተች። ስሟን ስታነሡ ስህተት የሚለውን ቃል ከሷ ላይ አንሡና እኔ ላይ አድርጉት፤ እችለዋለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሸክማችሁን ለአፍታ አውርዱ፣ እጃችሁን ክፈቱ፣ አላህ መቃብሯን እንዲያሰፋላት፣ በማይጠልቅ ብርሃን እንዲሞላላት ዱዓ አድርጉላት። ማንበብ ለማይችልም አንብቡለትና እሱም አሚን ይበል።

እናቷ ሮዳ