ከፍ ያለው ወንበር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሰኞ የዳሌ መገጣጠሚያዬ ይቀየራል። ከሆስፒታል ስመለስ ብቻዬን ስለምሆን ቤቱን ከወዲሁ እያሰናዳሁ ነው። ሐኪሙ ዝቅ ብዬ እንዳልቀመጥ፣ እንዳላጎነብስ አስጠንቅቆኛል። በርጩማዬን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ድስቱንም ስኳሩንም ከታች አንስቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ።

ያሳሰበኝ ግን ጠያቂው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለመጣ ሰው ሁሉ ብድግ ስል ኖሬ፣ አሁን እንዴት ተቀምጬ እቀበላለሁ? ያውም የንስሐ አባቴን!

ከሰዓት ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጣ። የወሎ ልጅ ነው፤ ጎረቤቴ ከሆነ ቆይቷል፤ በእኔው ትግርኛ "አደይ"፣ እናቴ፣ ማለት ለምዷል። የወንበሬ እግሮች ሥር ወፋፍራም ጣውላ ቸነከረና "እስቲ ይሞክሩት፣ አደይ ለምለም" አለኝ። ወጣሁበት። እግሬ አየር ላይ ተንጠለጠለ!

"ወይኔ፣ አጭር መሆንዎን ረስቼው!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

በዚሁ መሀል የንስሐ አባቴ ከች አሉ። ልማድ ነውና ልነሳ ተንደፋደፍኩ። እሳቸው ግን ወንበሩንም እኔንም አይተው እጃቸውን አወዛወዙ።

"ተይ፣ አትነሺ ልጄ፤ ከወረድሽማ ታጥሪያለሽ!"

መስቀሉን ከንፈሬ ድረስ አመጡልኝ። ሳልነሳ፣ ሳላጎነብስ ተሳለምኩ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እግሬ ወለል መርገጥ ስላለበት ሰይድ ነገ ጣውላውን ይቀንሰዋል። ብዙ እንዳትቀንስብኝ ብዬዋለሁ። ቁመት እንዲህ እንደሚጥም መች አውቄ!