የሚያልበው መስታወት አይወለወልም

ወንድሜ፣

አንተ «በየቀኑ ውሃ እረጫለሁ» ትላለህ። በመስታወት ቤት የማሳድጋት እባቤ ደግሞ ቆዳዋን ቆራርጣ ጥላ «ጠብታም አላየሁ» ትላለች። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ዛሬ ጠዋት ከኋላህ ቆሜ ሳይህ ነገሩ ገባኝ፤ ለሥራ ስለቸኮልክ ይኸው ከመንገድ እጽፍልሃለሁ።

ውሃውን ረጨህ። የቤቷ መስታወት ጉም ለበሰ። ወዲያው ጨርቅ አንስተህ ወለወልከው፤ «ትንሽ ትናፈስ» ብለህም ክዳኑን ከፈትክ። ከመስታወት ቆራጭ ጋር መኖር እንዲህ ነው፤ ጉም ካየህ እጅህ አያርፍም!

ያ ጉም እኮ ለእሷ ነበር። በዚህ ደረቅ አየር እርጥበት ካጣች ቆዳዋ በወጉ አይገፈፍም። አሁንም ግራ ዓይኗ ላይ ተጣብቆ የቀረ አለ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቆዳዋን ስትጥል ካልወጣ ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል።

እኔ ከመስክ እስክመለስ የክዳኑን ግማሽ በፎጣ ሸፍነው።
የምትደበቅባት ሳጥን ውስጥ ያለው ጨርቅ እርጥብ ይሁን፣ ግን አይንጠብጠብ።
ዓይኗን በጥፍርህ እንዳትነካ።
እጅህን ከበላህ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት አለልህ፤ እሱን ዘንግተኸዋል።

ትናንት በጓደኞችህ ፊት «ሰነፍ» ያልኩህ... እንግዲህ ሰነፍ ሰው እንዲህ አይወለውልም።

እህታችን ልትሸኘኝ መጥታ በር ላይ «እባቧን ለእኔ ስጠኝ፣ ይሄ ልጅ ይገድልብሃል» ብላ ያዘችኝ። ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ «አይሆንም፤ እሱ ጋ ትቆያለች!» አልኳት።