ተቀመጥ ሲባል ስላልተቀመጠው ውሻዬ

ለተከበሩ የእንስሳት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እኔ ሦስቱንም ካጣሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ከከተማው ዳር በግ የማረባ ሴት ስሆን፣ ባልደረቦችዎ ከመንጋዬ መሃል ይዘውት የሄዱት ትልቅ ነጭ ውሻ የእኔ ነው። እርጋታውንና ግርማውን አይታ ልጄ ጋሼ ስላለችው ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ዓርብ በመርፌ እንዲገደል መወሰንዎን በደብዳቤ ስላሳወቁኝ፣ ያውም ስሜን ሳይሳሳቱ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ለመክሰስ ሳይሆን ለመማር ያህል ጥቂት ነጥቦች ላንሳ፦

1ኛ. ጋሼ “ባለቤት አልባ” ተብሎ የተመዘገበው ቤት ውስጥ ስላልተገኘ ነው። እሱ ግን ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ ከግልገሎች ጋር በጉረኖ ያደገ ስለሆነ፣ ቤቱም ሥራውም እነሱ ዘንድ ነው። እኔም ደጅዎን ስጠና አንድም ቀን ወንበርዎ ላይ አላገኘሁዎትም፤ ሆኖም ባለቤት አልባ ብዬ አልመዘገብኩዎትም።

2ኛ. ባልደረቦችዎ በሰጡት የጠባይ ፈተና “ተቀመጥ” ሲባል አልተቀመጠም፣ ኳስ ሲወረወርለትም አላመጣም፣ በመሆኑም አደገኛ ነው ተብሏል። እንደ እሱ ያለ መንጋ ጠባቂ ዝርያ ከተኩላ ጋር የሚፋጠጠው ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ፈርዶ ነው፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ በጎቼ ድሮ ባለቁ ነበር። ኳሷንም ቢሆን ወርዋሪው ራሱ እንደሚያነሳት አምኖ ይሆናል።

3ኛ. ሙቀት እንዳይጎዳው በማሰብ ጸጉሩን ሙልጭ አድርገው ስለላጩት ቃል አጣሁ። ያ ድርብ ጸጉር ከብርድም ከፀሐይም መከለያው ስለነበር፣ እኛ ቤት ማበጠሪያ እንጂ መቀስ ነክቶት አያውቅም። ትናንት በግቢያችሁ አጥር ቀዳዳ ሳየው ጀርባው በፀሐይ ተቃጥሎ ቆስሏል። እኔ አላወቅሁትም፣ እሱ ግን አወቀኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህን ለመሥሪያ ቤት መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እሱ ከሄደ ወዲህ ተኩላ ስድስት ግልገል ወስዶብናል፤ ልጄም ከትምህርቷ ቀርታ ቆርቆሮ እየደበደበች ትጠብቃለች። ክቡርነትዎ፣ ጨዋነቴም እያለቀብኝ ነውና በአጭሩ ልበል፦ እባክዎ አይግደሉብኝ።

ከበዛው ሥራዎ ላይ ጊዜ ስለሰረቅሁ እያፈርኩ፣ ለማይቀረው ርኅራኄዎ በቅድሚያ እጅ እየነሳሁ፣ “ተቀመጪ” በተባልኩበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሳምንት ሙሉ በታዛዥነት የተቀመጥኩት፣

አክባሪዎ፣ የጋሼ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ሌባ ገብቶ የግቢያችሁን የውሃ ሞተር ስለወሰደ፣ “የማያንቀላፋ፣ ከቦታው የማይለይ፣ ጉቦ የማይቀበል” ጥበቃ እንደምትፈልጉ በራችሁ ላይ አነበብኩ። ሌባው ሲገባ የጮኸው ጋሼ ብቻ እንደነበር፣ ጥበቃችሁም “ውሻው እንቅልፍ ነሳኝ” ብሎ ስላመለከተ ጋሼ ወደ ጓሮ እንደተዛወረ ሰምቻለሁ። ስለዚህ መስፈርቱን የሚያሟላ አንድ አመልካች አለኝ። ምዝገባው የሚዘጋው ግን ቅዳሜ ነው፤ እሱ ያለው እስከ ዓርብ ነው።