በሁለቱ ጥብስ መሃል

ለማርቆሴ፣

ከሄድክ እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እስካሁን አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ተቀይሜህ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ተቀይሜሃለሁ። የሞተ ባል ደግሞ ይቀየሙታል እንዴ ትለኝ ይሆናል። እንዴታ! ሞተሃል ብዬ ልተውህ ነው? ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ግን መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፤ አንተ ወሬ ሳትሰማ ቁም ነገር አይገባህም።

ሂሩት ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን። ነፋስ ስልክ ያው ነው፣ ጭቃውም ያው ነው። ያንን የሚያፈሰውን የጣሪያ ቀዳዳ፣ ነገ ነገ እያልክ ሦስት ክረምት ያሳለፍከውን፣ አባቴ መጥቶ በአንድ ጠዋት ደፈነው። እሱ አሁንም ከላፍቶ ማዶ ያችን ቁራሽ መሬቱን ይዞ ድንቹን ይተክላል፤ ሲደርስለት አንድ ጆንያ በአህያ ጭኖ ያመጣልኛል። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ ቁልፍ እተክላለሁ። የዕረፍት ቀኔን ሰኞ እንዲያደርጉልኝ ስጠይቅ አለቃዬ፣ ሰው ሁሉ እሑድን ሲለምን አንቺ ምን ነክቶሽ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበለው? ባሌ ሰኞ ሰኞ ነበር የሚያርፈው ልበለው?

ሰኞን መቼም አልረሳኸውም። ፒያሳ የምትሠራበት የጣሊያኑ ምግብ ቤት ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ በኋላ እንኳ ሰኞ መዘጋቱን አልተወም ነበር። እሑድ ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስብህ እየሮጥክ ትገባለህ፤ በብብትህ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ፎርማጆ፣ የፈረንጁ አይብ። ጫፉ የደረቀውን፣ ለእንግዳ የማይቀርበውን፣ ዋናው ወጥ ቤት ጋሽ ወልዴ ለልጅህ ብሎ የሚሰጥህን። በማግስቱ ማጀቱ ያንተ ነው። እኔን ከነምስሬ ወደ ውጭ ታባርረኛለህ። እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ ይቺ በቀለች ምን አስነክታው ነው ወንዱን ሽንኩርት የምታስከትፈው እያለች ለሰፈሩ ታወራ ነበር። ሰሃኑ ሲደርሳት ግን አንድም ቀን አልበላም ብላ አታውቅም።

ደግሞስ ማን እንቢ ይላል? ድንቹ ረጃጅም ሆኖ የተቆረጠ፣ ውጪው ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ልስልስ ያለ። ፎርማጆውን ፈቅፍቀህ በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት ታቀልጠውና ትኩሱን ከላይ ታፈስበታለህ። ሥጋ በተገኘ ቀን ተፈጭቶ ተጠብሶ ይጨመርበታል፤ ሽንኩርቱና ቃሪያው ከላይ ይነሰነሳል። ሂሩት ፎርማጆውን እንደ ክር እየጎተተች፣ ክሩ ሳይበጠስ ወንበር ላይ ለመቆም ትሞክር ነበር። በሁዳዴ ደግሞ ለእኔ ብቻ ምንም ያልነካውን ለይተህ ታወጣልኛለህ። ጴንጤው ባሌ፣ የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ትጠብቅልኝ ነበር።

እኔ ግን የምወደው ድንቹን አልነበረም። አሁን ልንገርህ፣ ከዚህ በኋላ ምን አፍራለሁ። እኔ የምወደው በመሃል ጥለኸው መውጣትህን ነበር። መጥበስ ትጀምራለህ፣ ዘይቱ ሲንጫጫ እሰማለሁ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። እጅህን በሽርጥህ እየጠረግክ ትወጣና ያንን የለስላሳ ሳጥን ገልብጠህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ወሬ ትጀምራለህ። ሾፌሩን ውጭ አስቀምጦ የሦስት ሰው ምሳ ብቻውን ስለሚጨርሰው ካድሬ። ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ሰው አዝዛ ብቻዋን በልታ ስለምትሄደው ሴትዮ። የጸሎት ቤታችሁ የታሸገ ሰሞን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የዘመርክልኝ እዚያ ነው። ሂሩትን ማርገዜን የነገርኩህ እዚያ ነው። በቀኝ ጎንህ የሆነ ነገር እንደሚወጋህ የነገርከኝም እዚያው ነው፤ ጉበትህ መሆኑን ያኔ ማን አወቀ።

ተነስ እንጂ፣ ልጅቷ ራባት ስልህ መልስህ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ቆዪ ትንሽ፣ ገና ነው።

እኔ ሞኟ፣ ይሄ ሰውዬ ስድስት ቀን ሙሉ ለሰው ሲቆም ሰንብቶ፣ በዕረፍቱ ቀን ሥራውን በመሃል አቋርጦ እኔ አጠገብ ይቀመጣል እል ነበር። ሌሎች ሴቶች ስለ ባሎቻቸው ሲያወሩ፣ ይሄ ገዛልኝ ያ አመጣልኝ ሲሉ፣ እኔ ቡናዬን ፉት እላለሁ። በሆዴ ግን እኮራለሁ። ሆስፒታል ተኝተህ ቀኑ ሁሉ ተደበላልቆብህ እንኳ ሰኞን ለይተህ ታውቅ ነበር። ዛሬ ሰኞ አይደል ብለህ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቅክልኝ። ያንን ይዤ ነው ዓመቱን የገፋሁት።

ይኸውልህ ደግሞ የሆነው። ባለፈው ሂሩት ከትምህርት ቤት መጥታ፣ አባባ ጢም ነበረው ወይ አለችኝ። ድምፁስ ትዝ ይልሻል አልኳት፤ አይለኝም አለች። የቀራት ያ ድንች ብቻ ነው ማርቆስ። የአባባን ድንች ሥሪልኝ አለችኝ። ካልሠራሁላት ይሄም ሊጠፋባት ነው ብዬ ተነሳሁ።

አሳፈርኩህ። ፎርማጆ ከየት ይምጣ፣ አይብም ያው ከወተት አይደል ብዬ አይብ ጣድኩ። ለካ አይብ አይቀልጥም! ብጠብቀው ብጠብቀው ፍርፍር እንዳለ ድርቅ አለ፣ ድንቹ ላይ ኖራ የደፋሁበት ነው የሚመስለው። ድንቹም ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ። በሌላው ወር የቀበሌው ሱቅ ዘይት ሲያድል ተሰልፌ አምጥቼ እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን ደግሞ ልፍስፍስ አለብኝ። ሂሩት አንድ አንድ ቀምሳ፣ እኔን ላለማስከፋት ቀስ ብላ፣ የአባባ አይደለም ትለኛለች። ያ ቀስ ማለቷ ነው የገደለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ወልዴ ሊጠይቀን መጣ። ሽማግሌ ሆኗል፣ ግን አልረሳንም፤ ፎርማጆውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ጉዴን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። የኔ ልጅ፣ ድንች እኮ ሁለቴ ነው የሚጠበሰው አለኝ። መጀመሪያ ለስለስ ባለ ዘይት፣ ሳይቀላ። ከዚያ አውጥቶ ትሪ ላይ በትኖ ማሳረፍ፣ እስኪበርድ መጠበቅ። ከዚያ ዘይቱን በደንብ አግሎ እንደገና። ሳያርፍ ከጠበስሽው አይሆንም፤ ይሄን የማያውቅ ወጥ ቤት የለም፣ ማርቆስንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ አለ።

ለካስ ድንቹ እስኪበርድ ነው ስትጠብቅ የኖርከው! ገና ነው የምትለኝ ስለ ድንቹ ኖሯል! ጋሽ ወልዴ ምን ሆንሽ ሲለኝ ጭሱ ነው አልኩት፤ ምድጃው እንኳ አልተለኮሰም ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጋሽ ወልዴ እንዳለኝ አደረግኩ። ወደ ውጭ ዝር አላልኩም፤ ትሪው አጠገብ ቆሜ ጠብቄ፣ በረድ ሲል መልሼ ጠበስኩት። ፎርማጆውን አቅልጬ አፈሰስኩበት። ሂሩት አንዱን ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ፣ የአባባ ነው! ብላ ጮኸች። ሰሃኑን ላሰችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። እሷ አባቷን ስታገኝ እኔ ባሌን አጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ እየተከልኩ በሆዴ ስሰድብህ ሰነበትኩ። ዘጠኝ ዓመት ለድንች ሲቀመጥ ለእኔ መስሎኝ! ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ፣ በአንተ የተነሳ።

ቅያሜዬ ይሄ ነው። ዛሬም ሰኞ ነው። ያለፈውን ዘይት አጥልዬ የመጀመሪያውን ጠበስኩና ትሪው ላይ በተንኩት። ከዚያ ክሴን ልጽፍልህ የሂሩትን ደብተር ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሳጥንህ እዚያው ነው ያለው። እሱ ላይ አልተቀመጥኩም፣ በቦታዬ ነው ያለሁት።

አሁን ስማኝ። ድንቹን ሳወጣ የእትዬ ብርቄ ሬዲዮ ዜና ጀምሮ ነበር። ስለ ጣሪያው ጽፌልህ እንደጨረስኩ፣ እስቲ ልየው ብዬ ገብቼ ነካሁት። በርዷል። ቅዝቅዝ ብሏል። ተመልሼ ስቀመጥ ዜናው እንኳ አላለቀም።

ማርቆስ! አንተ እኮ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ እያለች ወጥተህ፣ የአጥሩ ጥላ እግራችን ሥር እስኪደርስ ትቀመጥ ነበር። እትዬ ብርቄ ዶሮዎቿን እስክታስገባ። እኔ ምስሬን ለቅሜ እስክጨርስ፣ ጨርሼም፣ ይኸው ዛሬ እናዘዛለሁ፣ የለቀምኩትን መልሼ ከጆንያው ምስር ጋር ቀላቅዬ እንደገና እስክለቅም። ሥራ የፈታሁ እንዳይመስልህና እንዳትነሳ ነበር እንደዚያ የማደርገው። አንተም ለካ የበረደውን ድንች ማጀት ትተህ፣ ገና ነው ትለኝ ነበር። ምኑ ነው ገና? አንተ ውሸታም! ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ስንዋሽ ኖረን አንዳችንም አልነቃንም።

ቅያሜው ከዚህ ላይ አለቀ። ስድቡንም ሁሉ አንስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ናፍቆቱ ግን ይኸው እንደ አዲስ ተነሳብኝ። ንዴቱ እያለ ትንሽ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ሳጥኑ አጠገቤ ባዶውን ነው፣ እጄን ስዘረጋ እንጨቱን ነው የምነካው፣ ስለዚያች ሐሙስ ሐሙስ ስለምትመጣው ሴትዮ መጨረሻ እንኳ ሳትነግረኝ ሄድክ። ለማን ነበር ያዘዘችው ያንን ሁለተኛውን ሰሃን? አሁን የማውቀው ይመስለኛል።

ለሂሩት ጢም እንዳልነበረህ ነግሬአታለሁ። ወጥ ቤት ጢም አያሳድግም ትል እንደነበር፣ ስትዘምር ዓይንህን እንደምትጨፍን፣ ቀኝ እጅህ ላይ የዘይት ጠባሳ እንደነበረህ ደግሞ ደብተሯ ላይ እጽፍላታለሁ። ስታድግ ሁለቴ መጥበሱን አስተምራታለሁ። የመሃሉን ግን ለእኔ አስቀርቼዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ፎርማጆ ቢኖርም ባይኖርም፣ ዘይት ቢታደልም ባይታደልም፣ እኔ እዚህ ደጃፍ ላይ በቦታዬ ነኝ፤ ያንተንም ቦታ ማንም አይቀመጥበትም።

ሂሩት ከውስጥ እየተጣራች ነው። እማዬ፣ አልደረሰም እንዴ፣ ራበኝ ትላለች። ድንቹ ከበረደ ቆይቷል፣ የአጥሩም ጥላ እግሬ ሥር ደርሷል።

ቆዪ ትንሽ፣ ገና ነው አልኳት።

ያንተው በቀለች